ኮረብታችን ላይ ከሰል ሊቆፈር ነው ይላሉ፤ ሳንፈርም ምን እንጠይቅ?

የኮረብታው ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው የመጣሁት። ትንሽ ይረዝማልና ታገሡኝ።

ቤተሰቦቼ ከጅማ ወደ ደቡብ ምዕራብ ባለ አንድ ኮረብታማ ቀበሌ ነው የሚኖሩት። ነገሩ ገና ስላላለቀ የቀበሌውን ስም አልጠራም። ሰሞኑን የማናውቃቸው ሰዎች መጥተው የኮረብታውን ጎን ቆፈሩ። ጥቁር ድንጋይ በማዳበሪያ ከረጢት ጭነው ሄዱ። ከዚያ አንድ ደላላ መጣ። «መሬታችሁ ውስጥ የድንጋይ ከሰል አለ፤ ድርጅት አምጥቼ አስገዛችኋለሁ» እያለ በየቤቱ ወረቀት ያስፈርማል። ወረቀቱ አንድ ገጽ ነው። ማኅተም የለውም፤ የድርጅቱ አድራሻም የለውም። እጅ እግር የሌለው ነገር ነው።

አባቴ አልፈረመም። ጎረቤቶቻችን ውስጥ ግን የፈረሙ አሉ። ሰው ተቸግሯል፤ ጥሬ ብር ሲያይ እንዴት አይፈርም? አሁን ቀበሌው ስብሰባ ሊጠራ ነው ተብሏል። ሦስት ነገር ልወቅ፦ ከሰል እውነት ሊኖር ይችላል? ቢቆፈር ኮረብታው ምን ይሆናል? ሕጉስ ለገበሬው ምን ይላል?

መዶሻና ካርታ፦

ሥራዬ ጂኦሎጂ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጥያቄዎች ልሞክር፤ ሕጉን ለሚያውቁት እተዋለሁ።

አዎ፣ ሊኖር ይችላል። ደልቢና ሞዬ የሚባሉት የከሰል ቦታዎች እዚያው ጅማ ዙሪያ ናቸው። ወደ ኢሉባቦር በኩል ያዩ አለ። ሁሉም አንድ ዓይነት አፈጣጠር አላቸው። የጅማ ደጋ በአብዛኛው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ላቫው የፈሰሰው አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም፤ በሚሊዮን ዓመታት ውስጥ እየደጋገመ ነው። በአንዱ ፍሰትና በሌላው መካከል ረጅም ዕረፍት ነበረ። በዚያ ዕረፍት ጊዜ ሐይቅና ረግረግ ተፈጠረ፣ ደን በቀለ። ደኑ ወድቆ በጭቃ ተቀበረ። ቀጥሎ የመጣው ላቫ ከላይ ተጫነው። ከሰሉ እሱ ነው። ስለዚህ ኮረብታችሁ ተነባብሮ የተሠራ ነው፦ ከላይ ጥቁር ድንጋይ፣ መሐል ላይ ሸክላ አፈርና ከሰል፣ ከታች ደግሞ ሌላ ጥቁር ድንጋይ። ደልቢና ሞዬ ላይ ከከሰሉ ጋር ሼል የሚባል ዘይት ያዘለ ድንጋይም አለ። ደላላው «ነዳጅ አላችሁ» ቢላችሁ እንዳትደናገጡ። እሱ ዘይቱ የሚወጣው በብዙ ሙቀት ተጠብሶ የሆነ ድንጋይ ነው እንጂ ጉድጓድ ተቆፍሮ የሚቀዳ ነዳጅ አይደለም።

አሁን ደግሞ ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ይህን ለአባትህ በደንብ ንገራቸው።

የመንደራችሁ ምንጭ ከኮረብታው የት ቦታ ላይ ነው የሚወጣው? ብዙ ጊዜ ከወገቡ ነው፤ ከአናቱም ከእግሩም አይደለም። ለምን መሰላችሁ? የላይኛው ጥቁር ድንጋይ ስንጥቅ የበዛበት ነው። ጅማ በዓመት 1500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች። ያ ዝናብ በስንጥቁ ሰርጎ ይወርዳል። ሸክላው ጋ ሲደርስ ማለፍ ያቅተዋል። ያኔ ወደ ጎን ተጉዞ በኮረብታው ወገብ ምንጭ ሆኖ ይወጣል። ከሰሉም ያለው እዚያው ሸክላ ውስጥ ነው። ስለዚህ ከሰሉን ለማውጣት የሚቆረጠው ንብርብር ምንጩን የያዘው ንብርብር ነው። ከሰሉን ከምንጩ ለይቶ የሚቆፍር ማሽን የለም። ቆፋሪው ውሃው ወዴት እንደሚሄድ አስቀድሞ አጥንቶ ካልተነሳ ምንጩ ሊጠፋ ይችላል፤ ወይም በሌላ በኩል ቆሽሾ ይወጣል።

ቆሽሾ ስል ዝም ብዬ አይደለም። ከሰል ውስጥ ብዙ ጊዜ ፓይራይት የሚባል የብረትና የድኝ ማዕድን ይገኛል። አየርና ውሃ ሲያገኘው አሲድ ይሆናል። የወንዙ ውሃ ብርቱካናማ ሲሆንና ድንጋዩ ላይ ዝገት ሲለጠፍ ካያችሁ ያ ነው። በኖራ ማከም ይቻላል፤ ግን የሚያክመው ሰው ከመጀመሪያው በዕቅድና በበጀት መያዝ አለበት። ለብዙ ጊዜ ተከምሮ የሚቀር ከሰልም በራሱ ሞቆ ሊቀጣጠል ይችላል። ክምሩን ከቤትና ከቡና አርቁ።

የሊሙ እህት፦

መዶሻና ካርታ፣ የምንጩን ነገር ስላነሳህልን እግዜር ይስጥህ። እኛ ሊሙ ላይ ከሰል የለብንም፤ የገጠመን የድንጋይ ካባ ነው። ግን ታሪኩ አንድ ነው።

ከቤታችን በላይ ለመንገድ ሥራ ተብሎ ኮረብታ ተከፈተ። ሲመጡ ያላሉን ነገር የለም፤ ሥራ፣ ውሃ፣ መንገድ። መንገዱ አለቀ፤ ማሽኑ ተጭኖ ሄደ። ጉድጓዱ ግን እዚያው ቀረ። ክረምት ሲመጣ ይሞላል። ከብት ገብቶበታል፤ ልጆች ይዋኙበታል። ከመስከረም ጀምሮ የወባ ትንኝ መፈልፈያ ነው። ድርጅቱን ብንጠይቅ «ርክክብ ፈጽመናል» አሉን። ወረዳ ብንሄድ ጆሮ ዳባ ልበስ ነው።

ለወንድሜ የምለው ይህን ነው። የሊሙ ቡና ታጥቦ ነው የሚሸጠው። እሸቱ በተቀጠፈ ዕለት ተፈልፍሎ፣ ከዚያ ተብላልቶ፣ በንጹህ ውሃ መታጠብ አለበት። ውሃ ከሌለ ያው ቡና ደርቆ ይሸጣል፤ ዋጋውም ይወርዳል። ስለዚህ ካሳ ሲሰላ የተነቀለው ቡና ብቻ አይቆጠር። ከታች ያለው የሰው ቡናም አለ፤ ማሽኑ ሳይነካው ውሃው ብቻ የሄደበት። ለዚያ ሰው ማን ይከፍላል? ይህን ስብሰባው ላይ ጮክ ብላችሁ ጠይቁ።

ካባ ሠራተኛ፦

እኔ ካባ ላይ ነው የምሠራው። ልጆቼን የማበላው በዚህ ነው። ስለዚህ ሁሉም ነገር ክፉ ነው ሲባል ዝም ማለት አልችልም።

ጅማ ከተማ የተነጠፈው ኮብልስቶን፣ የቤቱ መሠረት ድንጋይ፣ የመንገዱ ገረጋንቲ፣ ሁሉም ከኮረብታ ነው የመጣው። ስንት ወጣት ድንጋይ ጠርቦ ትዳር ይዟል። ሀገሪቱ ለሲሚንቶ ፋብሪካዎች ከሰል ከደቡብ አፍሪካ ድረስ በዶላር ስታስገባ ኖራለች። ያ ዶላር እዚህ ቢቀር፣ ሥራውም እዚህ ቢሆን ማን ይጠላል? ችግሩ አቆፋፈሩ ነው።

ስብሰባው ላይ እነዚህን ጠይቁ። ኤክስካቫተር ነው ወይስ በእጅ? በእጅ ዋሻ እየፈለፈላችሁ ግቡ ካሏችሁ እሺ እንዳትሉ። ሸክላው ዝናብ ሲጠጣ ጣሪያው ይወርዳል። ወሎ ደላንታ ላይ ኦፓል የሚባል የከበረ ድንጋይ ፍለጋ ገደል ውስጥ ዋሻ የቆፈሩ ስንት ልጆች ናቸው ተንዶባቸው የሞቱት። ግድግዳው ቀጥ ብሎ ነው የሚቆረጠው ወይስ በደረጃ? በደረጃ መሆን አለበት። ድማሚት ካለ ማን ነው የሚያፈነዳው፣ ፈቃድስ አለው? ሲኖትራኩ በየት ነው የሚያልፈው፣ በትምህርት ቤቱ በር? አቧራውን ውሃ የሚያርከፈክፍ መኪና አለ? የላይኛው ቀይ አፈር የት ነው የሚቀመጠው? ይህ የመጨረሻው ከሁሉም ይበልጣል። አፈሩ ለብቻው ካልተቀመጠ ጉድጓዱ ተሞልቶም ምንም አይበቅልበትም። እኔ ባየሁት ቦታ አፈሩን ከድንጋይ ጋር ደባልቀው ገደል ጨመሩት። ዛሬም ሳር አላበቀለም።

ሕግ አዋቂ፦

ሦስተኛውን ጥያቄ ልያዝ።

በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬትና የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። ስለዚህ አባትህ ከሰሉን መሸጥ አይችሉም፤ ደላላውም መግዛት አይችልም። የፈረሙት ጎረቤቶቻችሁ ያን ወረቀት ይዘው አይጨነቁ፤ መሬት የመሸጥ ውል በሕግ ፊት ዋጋ የለውም። የተቀበሉት ገንዘብ ካለ ግን ስንት እንደሆነና ከማን እንደሆነ ጽፈው ያስቀምጡ። ያው አንቀጽ ለገበሬው መሬት በነጻ የማግኘትና ከይዞታው ያለመነቀል መብትም ይሰጠዋል።

ቆፋሪው ፈቃድ የሚያገኘው በማዕድን አዋጅ 678/2002ና በማሻሻያዎቹ ነው። ፈቃድ ሲባል ዓይነቱ ይለያያል። የምርመራ ፈቃድ አለ፤ የማምረት ፈቃድ አለ። በምርመራ ፈቃድ ናሙና ይወሰዳል እንጂ በሲኖትራክ እየተጫነ አይሸጥም። ስለዚህ «ፈቃድ አለን» ሲሏችሁ «የምን ፈቃድ?» በሉ። ቦታው በካርታ ተለክቶ ተጽፏል? ጊዜው መቼ ያልቃል? ኮፒውን አንሱ።

ቀጥሎ የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አለ፤ አዋጅ 299/1995 ነው። ሪፖርቱ ለሕዝብ ክፍት መሆንና የሕዝብ አስተያየት መሰብሰብ እንዳለበት ሕጉ ይናገራል። እናንተ ናችሁ ሕዝቡ። የውሃው ጥናት እዚያ ውስጥ ከሌለ «የለም» ብላችሁ በጽሑፍ አስገቡ፤ ያስገባችሁበትንም ቀን በማኅተም አስመቱ።

ካሳን በተመለከተ አዋጅ 1161/2011 አለ። ገበሬው ምትክ መሬት ሳይሰጠው ለዘለቄታው ከተነሳ፣ ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛውን የአንድ ዓመት ገቢ ወስደው በ15 ያባዙታል። በመሬቱ ላይ ላለው ንብረት የሚከፈለው ለብቻው ነው፤ ቤት፣ ቡና፣ ፍራፍሬ፣ አጥር። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚጎዳው ገቢውን የሚያሳይ ወረቀት ስለሌለው ነው። የቡና ሽያጭ ደረሰኝ፣ የማኅበሩ መዝገብ፣ የግብር ካርኒ፣ ያላችሁን ሁሉ ከአሁኑ አንድ ላይ አድርጉ። ይዞታ ደብተሩ ላይ የእናትህ ስምና ፎቶ መኖሩንም እዩ። ገንዘብ ሲመጣ ሴቷ የምትረሳው እዚህ ጋ ነው።

ጊቤ ማዶ፦

ይቅርታ፣ ከርዕሱ ትንሽ ልውጣ። እኛ ወንዝ ዳር ቢጫ የሚያብለጨልጭ ድንጋይ አግኝተናል። ጥቁር ድንጋይ ውስጥ ነው ያለው። ወርቅ ነው የሚሉ አሉ። እውነት ነው?

መዶሻና ካርታ፦

ጊቤ ማዶ፣ ራስህ ልትፈትነው ትችላለህ። በመዶሻ ምታው። ወርቅ ከሆነ ይለጠጣል፤ ፓይራይት ከሆነ ይሰባበርና ድኝ ድኝ ይሸታል። ቀጥሎ ባልተቀባ የሸክላ ጀርባ ላይ ፈትገው፤ የተሰበረ ጀበናም ይሆናል። ወርቅ ቢጫ መስመር ይተዋል፤ ፓይራይት ጥቁር። የሀገራችን ወርቅ በአብዛኛው የሚገኘው ከላቫው በታች ያለው ጥንታዊ ድንጋይ ፊቱን ባወጣበት ነው፤ እንደ ሻኪሶ፣ ወለጋና ቤኒሻንጉል። የጅማ ደጋ ግን በወፍራም ላቫ የተሸፈነ ነው። ለዚያ ብላችሁ የወንዙን ዳር አታፍርሱ።

ስለ ቀዩ አፈር የሚጠይቁም አሉ። ቀይ የሆነው ብረት ስላለበት ነው፤ ያ እውነት ነው። ግን ቀይ አፈር ሁሉ የብረት ማዕድን አይደለም። ለቡናና ለበቆሎ ግን አቻ የሚገኝለት የለም።

ጋሽ መምህር፦

ልጆቼ፣ እኔ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፤ ሰቃ ጨቆርሳ ነው ያደግሁት። በልጅነቴ ብረት የሚያቀልጡና የሚቀጠቅጡ ሰዎች በየመንደሩ ነበሩ። ማረሻው፣ ማጭዱ፣ ጦሩ ከእነሱ ነበር የሚመጣው። ሸክላ ሠሪዎቹም እንዲሁ። አገር በእነሱ እጅ እየኖረ ይንቃቸው ነበር። አብሯቸው አይበላም፣ ልጁን አይድርላቸውም። ዛሬ ማዕድን ሲባል ሰው ሁሉ ዓይኑ ኤክስካቫተር ላይ ነው። ጀበና የሚሠራበት ጭቃ የሚወጣበት ጉድጓድም ማዕድን ነው። ኮረብታው ለድርጅት ሲሰጥ የእነዚያ እናቶች ጭቃ ማውጫ አብሮ ይሄዳል። ይዞታ ደብተር ስለሌላቸው ካሳ ላይ ስማቸው አይነሳም። አንተ ልጅ፣ በቀበሌያችሁ ሸክላ ሠሪዎች ካሉ ስብሰባው ላይ ወንበር ይሰጣቸው። አደራ።

የኮረብታው ልጅ፦

ጋሼ፣ አሉ። ከምንጩ በታች ነው ጭቃ የሚያወጡት። እስካሁን ማንም አላነጋገራቸውም። ዛሬውኑ ለአባቴ ደውዬ እነግረዋለሁ። አመሰግናለሁ።

ኦሞ ናዳ፦

ከታች የምንኖረውንም አስቡን። ከኮረብታችሁ የሚወርደው አፈር እኛ ጋ ነው የሚመጣው። ግልገል ጊቤ አንድ 184 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ ነው የተሠራው፤ ግድቡ ደለል እየሞላበት መሆኑን ጅማ ዩኒቨርሲቲ ስንት ጊዜ አጥንቷል። ከእርሻ የሚወርደው ሳያንስ የማዕድን ቁፋሮ አፈር ሲጨመርበት ምን ይሆናል? እኛ ደግሞ አሸዋ እናወጣለን። ሰው ከወንዙ ዳር ዳር እየቆረጠ ይጭናል። ወንዙ አልጋው ጠልቆ ዳሩ ይናዳል፤ የጎረቤቴ ማሳ እየተበላ ነው። አሸዋ ለማውጣት የተደራጁት ልጆች የእኛው ልጆች ናቸው፤ ልንከስሳቸው አንችልም። የት ጋ ይውጣ፣ የት ጋ አይውጣ የሚል ምልክት እንዲተከል ነው የምንጠይቀው።

ካባ ሠራተኛ፦

ኦሞ ናዳ፣ ልክ ነህ። ምልክቱ ካለ እኛም ደስ ይለናል። ምልክት በሌለበት ዛሬ ይቆፈራል፣ ነገ ሚሊሻ መጥቶ አካፋችንን ይወስዳል።

የሊሙ እህት፦

የመሬት መንሸራተቱንስ? በሐምሌ 2016 ጎፋ ላይ ከ200 በላይ ሰው ሲያልቅ አይተናል። ከዚያ ወዲህ ኮረብታ ሲነካ ሳይ እደነግጣለሁ።

መዶሻና ካርታ፦

እህቴ፣ የጎፋው የመጣው ከከባድ ዝናብ ጋር ነው፤ የማዕድን ቁፋሮ አላመጣውም። ሆኖም ፍርሃትሽ ትክክል ነው። ያ ሸክላ ሲርስ ይንሸራተታል። ከላዩ ከባድ ድንጋይ ተሸክሟል። የኮረብታውን እግር ስትቆርጪው ደግሞ ደግፎ የያዘውን ነገር ወሰድሽበት ማለት ነው። ስለዚህ ከቁፋሮው በላይ ቤት ካለ ከቁፋሮው በፊት ይነሳ፤ ካልሆነ እዚያ ጋ አይቆፈር። ቁፋሮው ክረምት ላይ መቆም አለበት። ከጉድጓዱ በላይ ዝናቡን የሚያስቀይስ ቦይ ይቆፈር። መሬቱ ላይ አዲስ ስንጥቅ ከታየ፣ ቀጥ ብሎ የነበረ ዛፍ ከዘመመ፣ ምንጭ ድንገት ከደፈረሰ ሰዉ ሌሊትም ቢሆን ይውጣ። ይህን ለልጆች ሳይቀር አስተምሩ።

እና አንድ ሌላ ነገር። ያዩ ላይ ከሰሉ ያለው የጫካ ቡና ባለበት ነው። ደኑን ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም በባዮስፌር ሪዘርቭነት፣ ማለትም ሰው እየኖረበት በሚጠበቅ የተፈጥሮ ቦታነት መዝግቦታል። እዚያም «ከሰሉ ወይስ ደኑ?» የሚለው ክርክር ለዓመታት አለ። ያዩን እዩ የምለው ቡና በራሱ ሀብት መሆኑን ሹሞችም እንዲሰሙት ነው። ከሰሉ አንዴ ይወጣል። ቡናው በየዓመቱ ይለቀማል። የእኔን ሐሳብ ከጠየቃችሁኝ፣ ምንጭና ቡና ባለበት ወገብ ላይ ከሰል መቆፈር የለበትም። ምንጭ በሌለበት፣ ሰው ባልሰፈረበት ጎን ከሆነ ግን ጥናቱን አይተን እንነጋገር እላለሁ።

የኮረብታው ልጅ፦

ስብሰባው ተደርጎ ነበር፤ የሆነውን ልንገራችሁ።

ደላላው መጥቶ ነበር። አባቴ ተነስቶ «የምርመራ ነው ወይስ የማምረት?» ሲለው መልስ አልነበረውም። «ድርጅቱ ያመጣል» ብሎ ወጣ። የወረዳው ባለሙያ ግን ቁም ነገረኛ ሰው ነው። በቦታው ላይ እስካሁን የተሰጠ ፈቃድ እንደሌለ በሰው ፊት ተናገረ። ጠያቂ ቢመጣ የአካባቢ ጥናቱ ለእኛ እንዲነበብ እንደሚያደርግ ቃል ገባ። በቃለ ጉባኤ አስጻፍነው። ሸክላ ሠሪዎቹም መጥተው ነበር። አንዷ እናት ተነስታ የጭቃ ማውጫውን ቦታ በስም ጠራች፤ እሱም ተጻፈ። የፈረሙት ጎረቤቶቻችንም ወረቀታቸውን ለቀበሌው አሳዩ።

ግን ሁሉም ሰው ከእኛ ጋር አይደለም። ወጣቶቹ ተቆጥተዋል። «እናንተ ቡና አላችሁ፤ እኛ መሬት የለንም፤ ሥራ ሊመጣ ሲል በሩን ዘጋችሁብን» አሉ። ለዚህ ምን ልመልስ? እውነታቸውን ነው።

ካባ ሠራተኛ፦

ወንድሜ፣ ለእነሱ የከሰል ድርጅት አያስፈልጋቸውም። በኢትዮጵያዊ ስም፣ በማኅበር ተደራጅተው የባህላዊ ወይም የአነስተኛ ደረጃ ፈቃድ ከክልሉ የማዕድን መሥሪያ ቤት መጠየቅ ይችላሉ። ኮብልስቶን ይጥረቡ፤ የግንብ ድንጋይ ያውጡ። ከምንጩ ራቅ ያለ፣ መንገድ ዳር የሆነ ጥቁር ድንጋይ ፈልጉላቸው። ቦታውን ቀበሌውና ባለሙያው አብረው ይምረጡ። መዶሻና መሮ የሚያስለምድ ሰው ከጠፋ እኔ አለሁ።

ሕግ አዋቂ፦

በዚህ እስማማለሁ። ማኅበሩ ሲቋቋም መተዳደሪያ ደንቡ ላይ ጉድጓዱን መልሶ ስለመሙላት አንቀጽ ይግባ። ከሽያጩ ላይ ለዚያ የሚቀመጥ ገንዘብም ከመጀመሪያው ጭነት ጀምሮ ይቆረጥ። በኋላ ከየት ይመጣል?

መዶሻና ካርታ፦

እኔ ደግሞ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። ምንጩን ከአሁኑ ለኩት። ባልዲ ከሥሩ አድርጉ፤ እስኪሞላ ስንት ሰከንድ እንደፈጀ ጻፉ። በየወሩ፣ በተለይ በበጋው በየካቲትና በመጋቢት። የውሃውን ቀለምና ሽታም ጻፉ። ነገ ድርጅት መጥቶ «ምንጩ ድሮም ደካማ ነበር» ቢላችሁ መዝገባችሁ ይመልስለታል። ናሙናም አስመርምሩ፤ አሲድነቱን፣ ብረቱንና ሰልፌቱን።

የኮረብታው ልጅ፦

ባልዲውን እናቴና እህቴ ይይዙታል። ናሙናውን የት ነው የምወስደው? ጅማ ውስጥ የሚያውቅ ካለ ጻፉልኝ።

ጋሽ መምህር፦

ጅማ ዩኒቨርሲቲ የአካባቢ ጤና ትምህርት ክፍል ሂድና ጠይቅ። የቀበሌውን ደብዳቤ ያዝ። በምን ዓይነት ዕቃ እንደሚቀዳ አስቀድመው ይንገሩህ፤ በዘይት ጀሪካን እንዳትወስድ።